እናቱን አይተህ ቡችላውን ውሰድ

በደባርቅና በዳባት ገጠር ቡችላ ሲመረጥ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው መዳፈ ወፍራሙ ላይ ነው። ወንድሞቹን ገፍትሮ ጡት የሚይዘው፣ ሲያነሱት የሚያጉረመርመው «ይሄ ጅብ ይመልሳል» ተብሎ ይወሰዳል። ያለ ምክንያት አይደለም። በስሜን ግርጌ ያለ ቤት በረቱ ውስጥ በግ አለው፣ ጅቡም ማታ ማታ አይቀርም፤ ውሻ የሌለው አባወራ ተኝቶ አያድርም። ይኸው ውሻ ግን ነግቶ እስኪመሽ የሚውለው ከሕፃናትና ከዶሮ ጋር ነው። በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ስለሆንኩ ብዙ ሰው «ቡችላ ምረጥልኝ» ይለኛል። እኔ የማስበው ስለ ቀኑ ነው። ለሌሊቱማ ጤነኛ የሆነ ያገራችን ውሻ ሁሉ ግቢውን ከለመደ ይጮኻል።

ቡችላውን ከማየቴ በፊት እናቱን አያለሁ። ሽማግሌዎች ለጋብቻ «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚሉት ለውሻም ይሠራል። የምሄደው ምግቧን በምትበላበት ሰዓት ነው። የእንጀራ ፍርፋሪና አጓት ሲቀርብላት ዶሮዎቹ መሻማታቸው አይቀርም። አንዳንዷ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ ታጉረመርማለች፤ ዶሮዋ ዘወር ስትልላት መብላቷን ትቀጥላለች። ይቺን እወዳታለሁ። ማስጠንቀቂያዋ ይሰማል፣ ሕፃንም ቢሆን መስማቱን ይማራል። ሌላዋ ግን ድምፅ የላትም። ሰውነቷ ድርቅ፣ አንገቷ ግትር ይላል፤ ዓይኗ ከዶሮዋ ላይ አይነቀልም፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ትወረወራለች። ከእሷ ቡችላ ቢሰጠኝም አልወስድም። የምታጠባ ውሻ እንግዳ ላይ ብትጮኽ ግን አልፈርድባትም። የማየው የቤቱ እመቤት ስትናገራት ትበርዳለች ወይስ አትበርድም የሚለውን ነው።

ቀጥሎ የምጠይቀው ቡችሎቹ የት እንዳደጉ ነው። ጎተራ ሥር ተወልደው ሰው ሳይነካቸው የከረሙና ደጃፍ ላይ ልጆች እየዳበሷቸው ያደጉ ቡችሎች ከአንድ እናት ቢወለዱም አንድ አይሆኑም። ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባር ሃርበር በተባለች ከተማ ለዓመታት ቡችሎችን አሳድገው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ቡችላ ማን ወዳጁ፣ ምን የሚፈራ እንደሆነ በአእምሮው የሚቀርጸው ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ሰው፣ ዶሮና የሚሮጥ ሕፃን ያላየ ቡችላ በኋላ ሲያያቸው ወይ ይፈራል ወይ ያድናል።

እኛ ዘንድ ያለው ልማድ ዓይኑ እንደተገለጠ መውሰድ ነው፤ «እናቱን ይርሳ» ይባላል። እኔ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው አይወሰድ ባይ ነኝ። ቡችላ ንክሻውን መመጠን የሚማረው ከወንድሞቹ ነው። ጠንከር አድርጎ ሲነክስ የተነከሰው ይጮኽና ጨዋታውን ጥሎት ይሄዳል፤ እናቱም ትገፈትረዋለች። ይህን ትምህርት ያልጨረሰ ቡችላ የሕፃን እጅ ሲያገኝ ልኩን አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቡችላውን አነሳለሁ። እጄ ላይ ትንሽ ተወራጭቶ የሚረጋ ይሻለኛል። ተወራጭቶ ተወራጭቶ ጥርሱን የሚያሳርፈውንም፣ እንደ ጨርቅ ተዝለፍልፎ የሚንቀጠቀጠውንም እተዋለሁ፤ የፈራ ውሻም ይነክሳልና። ከዚያ ጫጩት የያዘች ያገር ዶሮ ወዳለችበት እለቀዋለሁ። ጥሩው ቡችላ ቀረብ ብሎ ያሸታል፤ ዶሮዋ ክንፏን ነፍታ አፍንጫው ላይ አንዴ ታቀምሰዋለች፤ ጮኾ ወደ እግሬ ይመጣል። ያ አንድ መንቆር እኔ በወር ከማስተምረው ይበልጣል። አንዳንዱ ቡችላ ግን ሆዱን ወደ መሬት ዝቅ፣ አንድ የፊት እግሩን ከፍ አድርጎ ይቆማል፤ ባፏጭለት፣ ባጨበጭብለት ጆሮው እንኳ አይዞርም። እሱ ለእረኛ ይሰጥ፤ ዶሮ ላለበት ግቢ አይሆንም። ይህ ሙከራ ቡችላው አድጎ ምን እንደሚሆን አይናገርም፤ የስምንት ሳምንት ቡችላ ገና ብዙ ይለወጣል። የሚጠቅመኝ ጽንፍ የያዙትን ለመለየት ብቻ ነው።

አሁን አሁን የአርባ አምስት ቀን ቄብ ገዝቶ የሚያረባ ቤት በዝቷል። እነዚህ ቄቦች እናት ዶሮ አላሳደገቻቸውም፤ ውሻ ሲቀርባቸው ቆሞ የሚጋፈጥላቸው የለም፣ ብትን ብለው ይሮጣሉ። የሚሮጥ ነገር ደግሞ ጨዋውን ቡችላ ሳይቀር ያስሮጠዋል። ስለዚህ ቄብ የገዛ ሰው ቡችላውን በዚያው ሰሞን አያምጣ። ካመጣም ቄቦቹ ጠንክረው፣ ቡችላው ከወንፊት ሽቦው ማዶ እያያቸው እስኪሰለቻቸው ድረስ አይቀላቅላቸው።

ውሻ ዶሮ ያዘ ተብሎ ስጠራ ብዙ ጊዜ የማገኘው ያስተማረው ሰው መሆኑን ነው። ዳባት አካባቢ አንዲት እናት ውሻቸውን ሊያስወግዱ ቆርጠው ነበር።

«ልጄ፣ አንዴ ዶሮ ከቀመሰ ይመለሳል ብለህ ነው?»

«እማማ፣ ስጡን የሚጠብቅልዎ ማን ነው?»

«የልጄ ልጅ ነው እንጂ።»

«ዶሮ ስጡ ላይ ሲወጣ ምን ይላል?»

«ጃስ! ነዋ የሚለው» አሉና ዝም አሉ።

ገብሱ በተሰጣበት ቀን ሁሉ ልጁ ውሻውን ዶሮ ላይ ጃስ ሲል ከርሟል። ውሻው የታዘዘውን ነው ያደረገው። ልጁ አርጩሜ ያዘ፣ ውሻው ስጥ በሚሰጣበት ቀን ከጓሮ እንዲውል ተደረገ፤ ዶሮ ሲያሳድድ በተገኘም ጊዜ ሳይመታ ከግቢው እንዲወጣ ይደረግ ጀመር። ጊዜ ወሰደ እንጂ ተመለሰ። ቡችላ ለሚወስድ ቤት የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው፤ «ጃስ» የሚለው ቃል በዶሮና በሰው ልጅ ላይ፣ በጨዋታም ቢሆን፣ ከልጆች አፍ ይጥፋ።

ሁለተኛው ስለ ዐቢይ ጾም ነው። ለሃምሳ አምስት ቀን ከቤቱ አጥንትና አጓት ይጠፋል፤ ለውሻው የሚተርፈው ሽሮ የነካው ፍርፋሪ ነው። ዶሮዎቹ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለፋሲካ ተብለው የሚሳሱላቸው ናቸው። ውሻ እንቁላል መስበር የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው፤ ከእንቁላል ወደ ጫጩት መንገዱ አጭር ነው። የተቀቀለ ባቄላ ወይም የገብስ ገንፎ በሰዓቱ የሚሰጠው ውሻ ቆጡ ሥር አይዞርም። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ የበጉን ጭንቅላት ጥሬውን አትጣሉለት። በጎቻችንን የሚያዞረው አዙሪት የሚመጣው አንጎል ውስጥ ካለው የውሃ ከረጢት ነው፤ ውሻው ያንን ከበላ በኩሱ ወደ ግጦሹ ይመልሰዋል። ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው የውሃ ከረጢትም በውሻ በኩል ዞሮ ሰው ውስጥ ይገባል፤ ውሻ ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ሕፃን ደግሞ ለዚህ ቅርብ ነው።

ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰር አልወድም። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ያለው ምርጫ መንከስ ብቻ ነው፤ ሕፃን ደግሞ የሚሄደው የሚያውቀው፣ የራሱ ቤት ውሻ ዘንድ ነው። ቁመቱ ከውሻው አፍ ጋር ስለሚተካከል የሚነከሰውም ፊቱ ላይ ነው። አጥር ይጥበቅ፣ ውሻው ይፈታ፤ ሲበላና ሲተኛ ልጅ አይቅረበው።

ከሁሉም በላይ ግን የእብድ ውሻ በሽታ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት አርባ በመቶዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፣ በየዓመቱም ይደገም። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀንም ጤና ተቋም ይድረስ። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ግን ታጥቦ፣ ክትባቱንም ጀምሮ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚጠብቀው የኛን ልጆች ብቻም አይደለም። ከብት ተከትሎ ወደ ስሜን ደጋ የሚወጣ ውሻ ቀይ ቀበሮ ካለበት ይደርሳል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ በባሌ ተራሮች ይህ በሽታ ከቤት ውሻ ተሻግሮ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል።

ገና የሚድህ ልጅና ዶሮ ላለው ቤት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቡችላ አልመርጥም። ሁለት ሦስት ዓመት የሆናትን፣ ከዶሮና ከልጅ ጋር ስትኖር ጎረቤት ሁሉ ያያትን ሴት ውሻ ፈልጉ እላለሁ። ጠባይዋ የታወቀ ነው፤ እንደ ወንድ ውሻም ሰፈር አትዞርም። ሰው ሴት የማይወደው ኮርማ ውሻ ሁሉ ግቢው ይሰበሰባል ብሎ ነው፤ ትክክል ነው፣ የሚመጡትም ያልተከተቡ ናቸው። ወንድ በምትፈልግበት ወቅት፣ በዓመት ሁለቴ ገደማ፣ በየጊዜው ሦስት ሳምንት ያህል፣ በሩ በሚዘጋ ቤት ውስጥ ትቆይ፤ ልጆቹም በዚያ ሰሞን ደጅ ወዳለው የውሻ መንጋ አይውጡ።