«ሠራተኛው ረክቷል» ማለት «በሽተኛው ድኗል» ማለት ነውን?

በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ መድኃኒትና የላቦራቶሪ ምርመራ የሚያዝበት ወረቀት ቀርቶ በኮምፒዩተር እንዲያዝ በተደረገ ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ «ሠራተኛው ወዶታልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን መልሱ የሚነግረንንና የማይነግረንን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

በዚህ ረገድ የሚጠቀሰው በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ፥ በብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው ጥናት ነው። ለሐኪሞችና ለነርሶች መጠይቅ ታድሎ፥ ከ1 እስከ 7 በሚደርስ መለኪያ የእርካታው አማካይ 5.07 ሆነ። ሐኪሞች ከነርሶች ይልቅ፥ የውስጥ ደዌ ክፍል ሠራተኞችም ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሠራተኞች ይልቅ ረክተው ተገኙ። የጥናቱ ዋና ፍሬ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም እርካታው ይበልጥ የተያያዘው ከፍጥነት፥ ከአጠቃቀም ቅለትና ሥራን ከማቀላጠፍ ጋር ሲሆን፥ የሕክምናውን ጥራት ለማሻሻል ከተጨመሩት ክፍሎች ጋር ያለው ዝምድና የላላ ነበረ።

አጥኚዎቹ ይህን ሳይሸሽጉ መግለጣቸው ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለውን መደምደሚያ እኛ አንባቢዎች ልንሸሸው አይገባም። እርካታ በአብዛኛው የሚለካው የሠራተኛውን ጊዜና ድካም ነው እንጂ የበሽተኛውን ደኅንነት አይደለም። ስለዚያው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ሌላ ጥናት፥ ቀድሞ ሳይያዙ ያለፉ ከባድ የመድኃኒት ስሕተቶች በ55 በመቶ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ይህ ትልቅ ጥቅም የታወቀው ስሕተቶቹ ራሳቸው ተቈጥረው ነው እንጂ ሠራተኛው ደስ ብሎታል ተብሎ አይደለም።

እንግዲህ የሠራተኛው ስሜት ዋጋ የለውም ልንል ነውን? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ ላይ በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ሴዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል ሥርዓቱን በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ያቆመው፥ ሐኪሞቹ ጊዜያቸውን እንደሚፈጅ ገልጠው አጥብቀው ስለ ተቃወሙት ነው። በፒትስበርግ የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጥናት ደግሞ፥ ለልዩ ሕክምና ከሌላ ቦታ ተልከው በመጡ ሕፃናት ዘንድ 2.80 በመቶ የነበረው የሞት መጠን ኮምፒዩተሩ ከገባ በኋላ 6.57 በመቶ እንደ ደረሰ ገልጧል። ሕፃኑ በመንገድ ላይ ሳለ ትእዛዙን አዘጋጅቶ መጠበቅ ቀርቶ፥ ደርሶ ከተመዘገበ በኋላ ብቻ ማዘዝ ግድ ሆኖ ነበርና። በሲያትል የሕፃናት ሆስፒታል ግን፥ በ2006 እንደ ታተመው ጥናት፥ ተመሳሳይ ሥርዓት ገብቶ የሞት መጨመር አልታየም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ማላከክ አይቻልም፤ አገባቡም ይመረመራል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የአንዲት ነርስ ማጉረምረም የአደጋው የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፥ ቅሬታውን በአማካይ ቍጥር ውስጥ የቀበረ ሆስፒታልም ጉድለቱን አያርምም።

ወደፊት እንዲህ ያለ ጥናት የምናደርግ ተማሪዎች «ረክተሃልን?» ብለን ብቻ ባንመለስ መልካም ይመስለኛል። የማን ጊዜ ተቈጠበ? ድካሙስ በማን ላይ ወደቀ? የሚለውን እንጨምር፤ ከመጠይቁም ጎን ስሕተቶቹን እንቍጠር። በመጠይቁ ላይ የማይጠየቀው በሽተኛው ነውና።