ሽመል ውስጥ ዞሮ መመለስ

አሶሳ ዙሪያ ወደ ጫካ የሚገቡ የእግር መንገዶች ሁሉ ጉዳይ አላቸው። አንዱ ወደ ውሃ ይወርዳል፣ አንዱ ማሽላ እርሻ ላይ ያበቃል፣ ሌላው ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ሥር ወይም የወርቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ያደርሳል። ሰፋ ያለው ወደ ገበያ የሚወስደው ነው። ዞሮ ወደተነሣበት የሚመለስ መንገድ ግን አይገኝም፤ እዚህ የሚኖር ሰው ጫካ የሚገባው ለመዞር ብሎ አይደለምና። እንግዶችንና ተማሪዎችን በእግር ማዞር ሥራዬ ስለሆነ ይህን ነገር ሁልጊዜ አስባለሁ። ዙር ጉዞ የሚባለው የሌሎችን ሰዎች መንገድ እየቆራረጡ መቀጠል ነው፤ የውሃ ቀጂዋን መንገድ ከንብ አናቢው፣ የንብ አናቢውን ከገበሬው ማገናኘት። የሙያው ክብደት ሁሉ ያለው እነዚህ ቁራጮች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ አቅጣጫ ሲወጣ ዋናው ደን ሽመል፣ ማለትም የቆላ ቀርከሃ ነው። በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅሉት የቀርከሃ ዓይነቶች ሁለት ናቸው፤ የደጋውና የቆላው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት የአገሪቱን የቀርከሃ ደን ወደ 1 ሚሊዮን ሄክታር ያደርሰዋል፤ አብላጫው የቆላው ሲሆን ከዚህም ትልቁ ድርሻ የክልላችን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። የደጋው ዘንግ ውስጡ ባዶ ነው፤ የቆላው ግን ድፍን ሊባል የቀረበ ነው። ለዚህም ነው ቤት፣ አጥር፣ ቀፎና አልጋ ሁሉ የሚሠራበት።

ሽመል ውስጥ የገባ ሰው አቅጣጫ የሚይዝበት ነገር ያጣል። ከአንድ ሥር የወጡ ብዙ ዘንጎች ከፊቱ ይቆማሉ፤ ከእነሱ ወዲያ ያሉትም ያው ናቸው። እንደ ምልክት የሚያዝ ትልቅ ዛፍ የለም፣ ኮረብታም አይታይም። እኔ የማየው ጉቶውን ነው። አዲስ የተቆረጠ ጉቶ አፉ ነጭ ሲሆን ያረጀው ግራጫ ነው፤ ነጭ ጉቶ ካለ ዘንድሮ ሰው በዚያ አልፏል፣ መውጫም አለ ማለት ነው። ግራጫ ብቻ ከሆነ ያ መንገድ ተትቷል። ቆራጩ ምን እንደፈለገም ይታወቃል። አዲስ ዘንግ በክረምት ከመሬት ወጥቶ በአንድ የዝናብ ወቅት ቁመቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ መጠንከር እንጂ መርዘምም መወፈርም የለም። የዘንድሮው ዘንግ ሽፋኑን ገና ያልጣለ ነው፤ ሲነኩት ጣት ላይ ነጣ ያለ ብናኝ ይተዋል። ሦስት ዓመት ያለፈው አረንጓዴው ደብዝዞ ነጠብጣብ ይይዛል፤ ለቤት የሚቆረጠውም እሱ ነው። ለጋው ተነክቶ ካየሁ ደኑ ችግር ላይ ነው። እንግዶቼን ደጋግሜ የማስጠነቅቀውም ስለዚሁ ጉቶ ነው፤ በሰያፍ የተቆረጠ ሽመል ጫፉ የጦር ያህል ስለሆነ ስስ ጫማ ይበሳል።

ፀሐይም ብትሆን እዚህ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። አሶሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በጋውን ሙሉ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ግን ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። ጥላ አይቶ መሄድ በታኅሣሥ የለመደ ሰው በሰኔ ቀትር ላይ በተቃራኒው ይሄዳል።

ዙሩን በየትኛው በኩል መጀመር እንዳለብን የሚወስነው ወቅቱ ነው፤ ከሥራው ሁሉ አብዝቼ የማስብበትም ይህ ነው። በበጋ ሽመል ቅጠሉን ያራግፋል፣ ጥላ የለውም፤ መሬቱም በደረቅ ቅጠል ስለሚሸፈን እያንዳንዱ እርምጃ ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ በማለዳ ተነሥተን እርሻውንና ሽመሉን ሙቀቱ ሳይበረታ እናልፍና ቀትር ላይ ወንዝ ዳር እንደርሳለን። ወንዝ ዳር ያለው ደን ሌላ ዓለም ነው። ሾላው፣ ዋርካውና ዶቅማው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ውሃው አፈሩን የሸረሸረባቸው ሥሮች ከዳርቻው ወጥተው ድንጋዩን አቅፈው ይታያሉ፤ ጦጣዎቹም የሚውሉት እዚያ ነው። በክረምት ግን ይኸው ዙር መገልበጥ አለበት። ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ መልካውን ጠዋት ተሻግረን በሽመሉ በኩል እንመለሳለን። ጠዋት ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ ወደ ማታ ወገብ ሊደርስ ይችላል፤ ያውም እኛ ያለንበት ቦታ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከላይ በኩል ስለዘነበ ብቻ። ደራሽ ከመምጣቱ በፊት ውሃው ይደፈርሳል፣ ጭራሮና ቅጠል ተሸክሞ ይወርዳል። ይህን ያየ መሪ እግሩን ውሃ ውስጥ አይከትም፤ ሰዓቱ ቢመሽበትም ቆሞ ይጠብቃል።

መስከረምና ጥቅምት ላይ ሰንበሌጡ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ያን ጊዜ የሚያስፈራኝ አውሬ አይደለም፤ የተተወ የወርቅ ጉድጓድ ነው። በአሶሳ ዞን በባህላዊ መንገድ ወርቅ መቆፈርና ማጠብ የቆየ መተዳደሪያ ነው፤ ባለቤቱ ትቶት የሄደውን ጉድጓድ ሣር ሲሸፍነው ከዳር ሆኖ አይታይም። ስለዚህ መሪው ከፊት፣ ዘንጉም ከመሪው ፊት ይሄዳል። በኋላ በበጋ እሳት ሲመጣ ሰንበሌጡ ይቃጠልና መንገዱ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ለመራመድ ይመቻል፣ ለሽመል ቡቃያ ግን ጥፋት ነው። ስለ ልብስም አንድ ነገር ልበል። የገንዲ ዝንብ ሰማያዊና ጥቁር ይስባታል፤ ዝንቧን ለማጥመድ የሚተከሉት ጨርቆችም በእነዚሁ ቀለማት የሚሠሩት ስለዚህ ነው። ወደ ዳቡስ ወንዝ ሸለቆ የሚወርድ ሰው አፈር የመሰለ ቀለም ይልበስ። ወባም አለ፤ ሳይመሽ መመለስ የዙሩ አካል ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰው አለ። በመንገድ የሚያገኙን ሰዎች ከሰላምታ በኋላ የሚጠይቁን አንድ ነው፤ «ወዴት ናችሁ?» ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሌለው መሪ እንግዳ ይዞ መውጣት የለበትም። ባለፉት ዓመታት ክልሉ፣ በተለይ መተከልና ካማሺ ዞኖች፣ የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት አይቷል፤ የማይታወቅ ሰው ከጫካ ሲወጣ ማየት ለነዋሪው ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከዋዜማው ለቀበሌው ይነገራል፣ በየመንደሩም ሽማግሌ ይጠየቃል። የበርታ ብሔረሰብ መንደርና በ1977 ዓ.ም. ገደማ ከወሎ የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት በቁጥር የሚጠራ አምባ ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ አንድ ዙር ሁለቱንም ደጅ ይነካል። በአንዱ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው አይሠራም።

እኔ የማልደራደርበት ሥርዓት አለ። ሸክም የያዘ ሰው ሲመጣ ከመንገዱ የምንወርደው እኛ ነን። በአንድ እንጨት ሁለት ጫፍ ላይ ሸክም አንጠልጥላ በትከሻዋ የምትሄድ ሴት ጠባብ መንገድ ላይ መዞር አትችልም፤ ሚዛኗ ከተዛባ ሸክሟ ይወድቃል። በማር ቆረጣ ሰሞን ቀፎ በተሰቀለበት ዛፍ ሥር አናልፍም። ገበሬው ዘንድሮ መሬቱን አሳርፎ ሌላ ቦታ ካረሰ፣ ዙሩም አብሮ ይለወጣል። ሽመልም ራሱ በሕይወቱ አንድ ጊዜ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ፣ በጅምላ የሚደርቅ ተክል ነው፤ በክልላችንም ይህ ደርሷል። ከደረቀ ደኑ እስኪያገግም ዓመታት ይፈጃል፤ በዚያ የሚያልፈው መንገድ ሁሉ እንደገና መፈለግ አለበት።

የባሕር ጠረፍ ባላቸው አገሮች የዚህ ሙያ ሰዎች ማንግሮቭ በሚባለው፣ ጨው ውሃ ውስጥ ሥሩን ተክሎ በሚቆመው ደን እንግዳ ያዞራሉ። ዛንዚባር ውስጥ በጆዛኒ ብሔራዊ ፓርክ እንግዳ ከደኑ ወጥቶ በማንግሮቩ ላይ በተዘረጋ የእንጨት መረማመጃ ይሄዳል። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ይጎድላል። እኛ ባሕር የለንም፤ አሁን ግን ዳርቻ አለን። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ከኋላው ንጋት ሐይቅን ፈጥሯል። ሲሞላ የውሃው ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር ላይ ይሆናል፤ ደሴቶችም አሉት። ሙላቱና ጉድለቱ ግን የዓመት ነው፤ ከክረምት በኋላ ይሞላል፣ በበጋ እየተቀዳ ይወርዳል። በጥቅምት ውሃ ዳር የተተለመ መንገድ በግንቦት ከውሃው የራቀ ጭቃ ላይ ሊቀር ይችላል። ከውሃው ሥር ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ለግድቡ ሲባል ከቦታቸው የተነሡ ሰዎች ወደ ውሃና ወደ እርሻ ይሄዱበት የነበረው።

ሐይቁ ዳር የጎብኚ መንገድ ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ካርታ ላይ መስመር ከመሳላችሁ በፊት ከዚያው ቀበሌ ሰዎች ጋር አንድ በጋና አንድ ክረምት ተመላለሱበት፤ የትኛው መንገድ የማን እንደሆነ ጠይቁ። መሪዎቹም ከዚያው መንደር ይሁኑ፤ ገንዘቡም እዚያው ይቅር።