ቀይ አፍንጫና ነጭ ጋዋን

ከቴአትር ዘርፎች ሁሉ የክላውንን ጥበብ ያህል ሂስ የተነፈገ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሕፃናት ማባበያ ተደርጎ ስለሚታይ ይዘቱንና ቅርጹን አንጥሮ የመረመረው ጥቂት ነው። ሆኖም ይህ የተናቀ ጥበብ በጽኑ የታመሙ ሕፃናት ወደሚተኙባቸው የሆስፒታል ክፍሎች ከገባ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ አስቆጥሯል። በዚያ የሚከናወነው ኪነ ጥበብ ነው ወይስ ማደንዘዣ? የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

የሥራው አጀማመር በአብዛኛው ከኒው ዮርክ ጋር ይያያዛል። ከቢግ አፕል ሰርከስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ማይክል ክሪስተንሰን እ.ኤ.አ. በ1986 በከተማይቱ የሕፃናት ሆስፒታል ክላውኖችን አሰማራ። ተዋንያኑ የሐኪም ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ ቀይ አፍንጫ አጥልቀው «የአፍንጫ ንቅለ ተከላ» ያካሂዱ ነበር። ከዚሁ ቡድን የወጡት ካሮሊን ሲሞንድስና ዌሊንግተን ኖጌራም እ.ኤ.አ. በ1991 የየራሳቸውን ማኅበር፣ እርሷ በፓሪስ፣ እርሱ በሳኦ ፓውሎ አቋቋሙ።

ጋዋኑ ጌጥ ብቻ አይደለም። በሆስፒታል ውስጥ ሥልጣን ሁሉ በነጭ ጋዋን እጅ ነው፤ ሕፃኑ የሚወጋውም፣ ምግብ የሚከለከለውም በሌሎች ትእዛዝ ነው። ክላውኑ ያንኑ ጋዋን ለብሶ ይደናቀፋል፤ የልብ ማዳመጫውን በጫማው ላይ ያሳርፋል። በዚህም ሕፃኑ ለጊዜውም ቢሆን ከጋዋን ለባሹ የላቀ አዋቂ ይሆናል። ዋናው ቁም ነገር ግን ያለው በሩ ላይ ነው። የሠለጠነ ክላውን ሳያስፈቅድ አይገባም፤ «አትግባ» ከተባለም ይመለሳል። መርፌውን እምቢ ማለት የማይችል ልጅ ክላውኑን እምቢ ማለት ይችላል። የዚህ ጥበብ ሰብአዊ ይዘት የሚለካው በሳቁ ብዛት ሳይሆን በዚህ ነው።

ቅርጹም ይዘቱን ይከተላል። መድረክም መጋረጃም የለም፤ ተመልካቹ ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ነው፤ ያውም በክንድ ርቀት። ተዋንያኑ በአመዛኙ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ፤ ከመግባታቸውም በፊት ስለ ሕፃኑ ሁኔታ ከነርሶች ይረዳሉ። ስለዚህ ፊቱን ቀብቶ የመጣ ሁሉ ክላውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ በሆነው የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ250 በላይ ልጆች ስለ ሆስፒታል ግድግዳ ጌጥ ተጠይቀው የክላውን ሥዕል እንደማይወዱ ገልጸዋል። ቀለም ያለ ተዋናይ ባዶ፣ አልፎም አስፈሪ ነው።

ስለ ጥቅሙ ማስረጃ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2005 በፍሎረንስ 40 ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት ታትሞ፣ ከቀዶ ጥገና በፊት ክላውኖች አብረዋቸው የቆዩት ልጆች ጭንቀት ዝቅ ብሎ ታይቷል። የሚያስገርመው፣ የሕክምና ሠራተኞቹ ጥቅሙን ቢመሰክሩም ክላውኖቹ የቀዶ ጥገና ክፍሉን ሥራ ያውካሉ በማለት አብዛኞቹ እንዲቀጥሉ አልፈለጉም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ 24 ጥናቶችንና 1,612 ሕፃናትን ያካተተ ግምገማም ወደ ተመሳሳይ ጥቅም ያመለክታል።

ቅራኔው ያለው እዚህ ላይ ነው። ክላውኑ ሥርዓቱን ካላወከ ክላውን አይሆንም፤ ፈጽሞ ካወከው ደግሞ ይባረራል። ሥራው በጭንቀት መለኪያ ብቻ ከተመዘነ ግን በሥልጣን ላይ የሚሳለቀው ተዋናይ የሥልጣን አገልጋይ ወደ መሆን ያዘነብላል፤ ልጅን ጸጥ ማሰኛ መሣሪያ ይሆናል። የነርስና የሕመም ማስታገሻ እጥረትም በቀይ አፍንጫ ሊሸፈን አይገባም። ማልቀስ የሚሻ ልጅም እንዲያለቅስ ሊተው ይገባል።

ስለሆነም መልሱ በአሠራሩ ላይ የተመሠረተ ነው። በሩን አንኳኩቶ ፈቃድ የሚጠብቀው ተዋናይ ኪነ ጥበብን ይሠራል፤ ሳቅን በግድ የሚያስውጠው ግን አንድ ተጨማሪ መድኃኒት አዳይ ነው። ለአዳራሽ የምንጽፍና የምንተውን እኛም ለተመልካቻችን እምቢ የማለት መብት መስጠታችንን ብንመረምር ከዚህ ከተናቀ ጥበብ ብዙ እንማራለን።