ከጥላው በታች
ስለ እንጉዳይ ፎቶግራፎች የቀረበ ሂስ

ክረምት በገባ ቁጥር በአጥር ሥር፣ በግቢ ሣር ላይና በበሰበሰ ግንድ ዙሪያ እንጉዳይ ይፈላል። ሕዝቡ «የጅብ ጥላ» ብሎ ሲሰይመው ቅርጹንም፣ በእርሱ ላይ ያለውን ጥርጣሬም በአንድ ስም አጠቃሎ ገልጿል። ይህ ከደጃፍ ያልራቀ ፍጥረት የበርካታ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ዓይን ስቧል። ሆኖም ሥራዎቻቸው ከይዘትና ከቅርጽ አንድነት አንጻር ሲመዘኑ፣ ሊታለፍ የማይገባው ጉድለት በብዙዎቹ ላይ ይታያል።

ጉድለቱ እንጉዳዩን ከሚኖርበት ነጥሎ ማስዋብ ነው። አንሺው ቆሞ ከላይ ወደ ታች ያነሳል፤ የደረቀውን ቅጠል ይጠርጋል፤ ጤዛ እንዲመስል ውኃ ይረጫል፤ የኋላውን እይታ ያደበዝዛል። ለዓይን የሚታየው እንጉዳይ ግን ፍሬ ብቻ ነው። ዋናው አካል በአፈርና በእንጨት ውስጥ የተዘረጋው የቀጫጭን ክሮች መረብ ሲሆን፣ ከፊሉ የሞተውን አብስብሶ ወደ አፈር ይመልሳል፤ ከፊሉም ከዛፍ ሥር ጋር ተጣምሮ ይኖራል። ስለዚህ ቅጠሉን የጠረገ ፎቶግራፍ የእንጉዳዩን ሥራ አብሮ ጠርጓል።

በእርግጥ መነጠል በራሱ ጥፋት አይደለም። በርሊን ውስጥ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ካርል ብሎስፌልት ተራ የመንገድ ዳር ዕፅዋትን እየለቀመ፣ በባዶ መደብ ላይ አጉልቶ አንስቷል። እ.ኤ.አ. በ1928 የታተመው መጽሐፉም 120 ፎቶግራፎችን ይዟል። የነጠላቸው ግን ተማሪዎች ቅርጽን ከተፈጥሮ እንዲማሩ ነበር፤ ዘዴው ከዓላማው ጋር ተስማምቷል። ዓላማ የሌለው መነጠል ግን ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም፤ የሕይወትም ነው። አማኒታ ፋሎይደስ የተባለው ገዳይ እንጉዳይ ከአንዳንድ የሚበሉ ዝርያዎች ጋር ይመሳሰላል። ከዋና መለያዎቹ አንዱ በግንዱ ግርጌ፣ ብዙ ጊዜ በአፈር የሚሸፈነው ከረጢት ነው። ከላይ ብቻ የተነሳ ውብ ምስል ይህንን ይሸሽጋል፤ ተመልካቹንም «አውቀዋለሁ» ያሰኘዋል። የተሟላ ፎቶግራፍ እንኳ ለመብላት ፈቃድ ሊሆን አይችልም።

በመሆኑም ከከያኒው የሚጠበቀው መንበርከክ ነው። ቆቡን፣ ከሥሩ የተደረደሩትን ስስ ንጣፎች፣ ግርጌውን፣ አጠገቡ ያለውን ዛፍና የወደቀውን ቅጠል በተከታታይ ምስሎች ማሳየት ይገባዋል። እንዲህ ያለ ሥራ በመምህር እጅ ሲገባ ትምህርት፣ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ደግሞ ጥበብ ይሆናል።