«ያት»፦ ስለ ተሰረዘው ሆሄና ስለ ማሻሻያው አመክንዮ

በጥንቱ የሲሪል ፊደል ውስጥ «ያት» የተባለ ሆሄ ነበር። በመጀመሪያ ራሱን የቻለ የአናባቢ ድምፅ ይወክል ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በመደበኛው ሩስያኛ ድምፁ «ዬ» ከተባለው ሆሄ ድምፅ አይለይም ነበር። ከዚህም የተነሣ ተማሪው በየትኛው ቃል ያትን፣ በየትኛው ዬን እንደሚጽፍ ጆሮው አይመራውም። ያት የሚገባባቸውን ቃላት በዝርዝርና በግጥም መልክ በቃሉ ለመያዝ ይገደድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1904 የሩስያ የሳይንስ አካዳሚ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ፤ ፎርቱናቶቭና ሻኽማቶቭ የተባሉት የቋንቋ ሊቃውንትም ተካፈሉበት። በ1917 እና በ1918 በወጡት ድንጋጌዎች ያት ከሌሎች ሆሄያት ጋር ተሰረዘ። የ1917ቱ ድንጋጌ ማሻሻያው ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲገባ፣ የቀድሞውን አጻጻፍ ያወቁትም በግድ እንደገና እንዳይማሩ ማዘዙ ከትምህርት ዘዴ አንጻር የሚመሰገን ነው።

ሆኖም «ለአንድ ድምፅ አንድ ሆሄ» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን በቂ አይደለም። በሩስያኛ «አለ» እና «መብላት» የሚል ፍች ያላቸው ሁለት ቃላት አንድ ዐይነት ይነገራሉ፤ በጽሑፍ ይለያቸው የነበረው ያት ነው። እርግጥ ይህን ጉድለት የዐረፍተ ነገሩ አገባብ ስለሚሞላው ጉዳቱ ትንሽ ነው።

የቡልጋሪያ ሁኔታ ግን ከዚህ ይለያል። «ነጭ» የሚለውን ቃል የምሥራቁ ሰው «ብያል»፣ የምዕራቡ ሰው «ቤል» ሲለው ሁለቱም በያት ይጽፉት ነበር። ሆሄው በዚያ ትርፍ ሳይሆን የሁለት ዘዬዎች ድልድይ ነበር። በ1921 ተሰርዞ በ1923 መመለሱ፣ በመጨረሻም በ1945 መወገዱ የክርክሩን ክብደት ያሳያል። ከዚያ ወዲህ አጻጻፉ በዚህ ረገድ የምሥራቁን አነጋገር ስለተከተለ፣ የተማሪው ሸክም ወደ ምዕራቡ ልጅ ተዛወረ እንጂ ፈጽሞ አልቀረም።

በአማርኛ ሞክሼ ሆሄያት ላይ ለሚከራከሩትም ይህ ታሪክ ትምህርት አለው። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ሌባ ሆነ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ሆሄው ትርፍ ነውን?» የሚለው ሳይሆን «ለማን፣ ምን ሥራ ይሠራል? ቢቀርስ ሸክሙን ማን ይሸከመዋል?» የሚለው ነው። ይህ ሳይመረመር የሚሰጥ ውሳኔ፣ ይሰረዝ ቢልም ይጠበቅ ቢልም፣ የተማሪውን ድካም ያላገናዘበ ይሆናል።