«ጄሊ» በዳቦ መካከል፤ አገሩ ስላልተጠቀሰ ፍች

በቅርቡ ለእርማት በቀረበልን አንድ የትርጉም ረቂቅ፣ አሜሪካዊው ልጅ ለምሳው የያዘው ሳንድዊች «የለውዝ ቅቤና በጄላቲን የረጋ ጣፋጭ» ያለበት ሆኖ አገኘነው። ተርጓሚው አልሰነፈም፤ መዝገበ ቃላት ገልጦ አይቷል። «ጄሊ» በእንግሊዝ አገር በእርግጥ ረግቶ የሚርገፈገፍ ጣፋጭ ነው፤ በአሜሪካ ግን ከተጣራ የፍራፍሬ ጭማቂ ተሠርቶ ዳቦ ይቀባበታል። ስለዚህ ጥፋቱን የምንጥለው ፍቹን ያለ አገሩ ባሰፈረው አዘጋጅ ላይ ነው።

«ማርማላታ» ቢለው ይበቃው ነበር። ይህም ከጣሊያንኛ የወረስነው ቃል የራሱ ወጥመድ አለው፤ የእንግሊዞቹ «ማርማሌድ» ከብርቱካንና ከመሰሎቹ ብቻ ሲሠራ፣ የእኛው ማንኛውንም ፍሬ ያቅፋል።

«ብስኩት» በአማርኛ የእንግሊዞቹን ፍች ይከተላል። የአሜሪካኖቹ ግን ለስላሳ ትንሽ ዳቦ ነውና፣ ተርጓሚው «ብስኩት በስጎ» ቢል የሚስቅ አንባቢ አይፈረድበትም። «ቺፕስ» የታወቀ ነው፤ ለንደን ላይ ትኩስ የድንች ጥብስ፣ ኒውዮርክ ላይ በከረጢት የሚሸጥ ስስ ደረቅ ድንች።

ይበልጥ የሚያከራክረው ራሱ «ሳንድዊች» ነው። ኤድዋርድ ጊቦን በ1762 እ.ኤ.አ. በዕለት ማስታወሻው ካሰፈረው ወዲህ ቃሉ ውቅያኖስ ተሻግሯል፤ ወሰኑ ግን በሁለቱ አገሮች አንድ አይደለም። በክብ ዳቦ የገባ የዶሮ ሥጋ ጥብስ ለአሜሪካዊው ሳንድዊች፣ ለእንግሊዛዊው በርገር ነው፤ አንዱ የሥጋውን መፈጨት፣ ሌላው የዳቦውን ቅርጽ ይመለከታልና። እንዲህ ላለው ቃል «እንግ.» እና «አሜ.» የሚል ምልክት ብቻ አይበቃም፤ ዳቦውም ሥጋውም በፍቹ ውስጥ መገለጽ አለባቸው።