ከጉግል ሪደር ወዲህ

በሰኔ 2005 ዓ.ም. ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ከአንድ የኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ የምወደውን አገልግሎት የመጨረሻ ቀኖች እቆጥር ነበር። ጉግል ሪደር ይባላል። መስከረም 27 ቀን 1998 ዓ.ም. የተጀመረውን ይህን ማንበቢያ ኩባንያው እንደሚዘጋው ያስታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2005 ሲሆን፣ የተዘጋው ሰኔ 24 ነው። ምክንያቱ የተጠቃሚው ቁጥር መቀነስ ነው ተባለ። እኔ ግን ከቀሩት አንዱ ነበርኩ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ብዙ ድረ ገጾች አዲስ ጽሑፍ ባወጡ ቁጥር አር.ኤስ.ኤስ. በሚባል ወጥ ቅርጽም ያስቀምጡታል። ማንበቢያው እኛ ከመረጥናቸው ድረ ገጾች ይህንኑ እየለቀመ፣ በወጡበት ቅደም ተከተል አንድ ቦታ ይደረድርልናል። ማን ይነበብ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስነው አንባቢው ነው። የጅማና የአጋሮ ቡና ነጋዴ ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ቡና በ2001 በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ከጀመረ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ወደ 929 ደውሎ የአዲስ አበባውን ዋጋ ከደላላ አፍ ሳይሆን ከምንጩ መስማት ችሎ ነበርና።

ለእኛ ደግሞ ሌላም ጥቅም ነበረው። ከ1998 ጀምሮ በብሎግስፖት ላይ የሚጻፉ ጦማሮች በየጊዜው ይታገዱ ነበር። በግንቦት 2004 የተጀመረው ዞን ዘጠኝ የታገደው በሳምንታት ውስጥ ነው። ማንበቢያው ግን ጽሑፉን ራሱ አምጥቶ ስለሚያስቀምጠው፣ የተዘጋውን በር ሳናንኳኳ የቤቱን ወሬ እንሰማ ነበር። በሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾች መከፈታቸውን ሲያስታውቅ፣ ያ ማንበቢያ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

እንግዲህ ምትኩ ምን ይሁን? እኔ በመጀመሪያ የመረጥኩት በመልኩ ነው፤ የቀድሞውን የሚመስል አግኝቼ ደስ አለኝ። ስህተት ነበር። ለመልክ ቢሆን ዲግ ሪደርም መልከ መልካም ነበር፤ በሰኔ 2005 ብቅ ብሎ በመጋቢት 2010 ተዘጋ። ብዙ ስደተኛ የተቀበለው ፊድሊ ነው፤ ያማረ ነው፣ በነፃ እስከ 100 ምንጭ ይይዛል፤ ነገር ግን ሥዕል ይወዳል፣ ሥዕል ደግሞ በእኛ መስመር ላይ ዋጋ አለው። ቡልጋሪያውያን የሠሩት ኢኖሪደር እስከ 150 ይፈቅዳል፤ ለጋዜጠኛ ከሁሉም የሚሻለው እርሱ ይመስለኛል። ኒውስብለር በነፃ 64 ብቻ ነው፤ አልቆየሁበትም።

በሁሉም ዘንድ ያስቸገረኝ አንድ ነገር ፍለጋ ነው። «ፀሐይ» ብዬ ስፈልግ «ጸሃይ» ብሎ የጻፈው አይመጣም። «ዓለም» እና «አለም» ለማሽኑ ሁለት ዓለም ናቸው። ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ እኛም ባንድ ገጽ ላይ አንዱን ቃል በሦስት ዓይነት የምንጽፍ ሰዎች ነን።

ምርጫዬን የለወጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስም ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ያኔ የምጠቀምበትን ማንበቢያ ስከፍት ባዶ ነጭ ገጽ ተቀበለኝ። ለካ ሳነበው የኖርኩት ሁሉ ሰው አገር የተቀመጠ ኖሯል፤ በእጄ የነበረው መስኮቱ ብቻ ነው። መስመሩ እንደተመለሰ ወደ ፊደር ዞርኩ። በአንድሮይድ ስልክ የሚሠራ፣ ነፃ፣ ምዝገባ የማይጠይቅ፣ ጽሑፉን ሙሉውን አውርዶ ስልኩ ላይ የሚያስቀምጥ ነው። መልኩ ደረቅ ነው። ስልኩ ከተሰረቀም ዝርዝሩ አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን በኦ.ፒ.ኤም.ኤል. ፋይል እያወጡ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው። በ2005 ከጉግል ሪደር ይዤ የወጣሁት ይኸው ፋይል ነበር፤ እስከዛሬም ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ ጓዝ ይዤው የምዞረው እርሱን ነው።

ወዳጆቼ በዚህ ይስቁብኛል። «ቴሌግራም እያለ!» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ቴሌግራም በደካማ መስመር ይሠራል፣ ንባብ የማይችለውም ትረካ ያዳምጥበታል። በቡና ከተሞቻችን ካፌ ውስጥ ስልኩን ካጎነበሰበት ሰው አብዛኛው እዚያው ነው። ነገር ግን የቻናሉ ባለቤት የሚለቅልኝን እንጂ ጸሐፊው የጻፈውን አላገኝም። አንድ መጣጥፍ ከቻናል ወደ ቻናል ሲዞር መጀመሪያ የጸሐፊው ስም ይወድቃል፣ ቀጥሎ መግቢያው ይቆረጣል፣ በመጨረሻ አንዲት አንቀጽ ከጽጌረዳ ሥዕል ጋር ትቀራለች። የራሴን ጽሑፍ በዚህ ሁኔታ አንድ ወዳጄ «ይህን አንብበው፣ ይጠቅምሃል» ብሎ ልኮልኛል። ሥነ ጽሑፋችን በነፃ መነበቡ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ ማን እንደጻፈው ሳይታወቅ መነበቡ ነው። ደላላው በሌላ በር ተመልሶ መጥቷል።

እርግጥ የእኔም መንገድ ቀዳዳ አለው። ስንቱ የአማርኛ ጸሐፊ ጦማሩን ትቶ ወደ ፌስቡክ ገብቷል፤ ፌስቡክ ደግሞ እንዲህ ላለ ማንበቢያ በሩን አይከፍትም። የቀሩትም አንዳንዶቹ ሁለት መስመር ብቻ ሰጥተው «ቀሪውን ከድረ ገጻችን» ይላሉ፤ መስመር ሲጠፋ ሁለቱን መስመር ይዤ ቁጭ ማለት ነው።

በ2005 ካወጣሁት ዝርዝር ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ዛሬ ዝም ብለዋል። አንዳንዱ ተሰዷል፣ አንዳንዱ ታስሮ ተፈትቷል፣ አንዳንዱ ምናልባት አግብቶ ይሆናል። ሰርዛቸው የሚሉኝ አሉ፤ አንዱንም አልሰረዝኩም። ባለፈው ኅዳር፣ ለእሸት ቡና ወቅት አጋሮ ሄጄ ሳለ፣ ስድስት ዓመት ድምፁ ጠፍቶ ከነበረ ጦማር አንድ ጽሑፍ ወረደልኝ። ስለ እናቱ ሞት ነበር የጻፈው። ማንም አላጋራውም፤ ማንም አልወደደውም። መስመሩ ሲጠፋ ማንበብ ጀመርኩ፣ ሳይመለስ ጨረስኩት።